ጸባያቸውን ተዪው፤ ድርጊቱን ያዢ

የጠያቂዋ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«28 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ከቅርንጫፍ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ከተዛወርኩ 8 ወር ሆነኝ። ያመጡኝ ድርጅቱ ፒችትሪ ከሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ሲስተም ሲቀየር ነው። የባንክ ማስታረቂያውን፣ ማለትም የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ ስቴትመንት ጋር የማመሳከሩን ሥራ፣ እዚህ 14 ዓመት ከሠሩ አንዲት ሴት ወስደው ለእኔ ሰጡኝ። አለቃዬ አይደሉም፤ ግን ዕረፍት አልሰጡኝም። በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ስናገር ‹ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመረች› ይላሉ። ወደ እኔ ሳያዩ ‹አንዳንዱ ኮምፒውተር ስለነካ አዋቂ ይመስለዋል› ብለው ያሽሟጥጣሉ። የባንክ ስቴትመንቱን ይዘው ያቆዩና ሲዘገይ ‹እሷ አላደረሰችም› ይላሉ። ምሳ አብረውኝ ይበሉ የነበሩ ልጆች ሸሽተውኛል። ኬክ ገዝቼ ገባሁ፣ ሰላምታ አበዛሁ፣ ጸለይኩ። ጭራሽ ባሰባቸው። አለቃችን ‹ጸባያቸው ነው፣ ቻያቸው› አለኝ። ጓደኞቼ ምቀኝነት ነው ይላሉ። አንዳንዴ በቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሁሉንም ዘርግፌ ብገላገል ያሰኘኛል። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ ጨርሻለሁ። ልቻል፣ ልጋፈጥ ወይስ ልልቀቅ?»

የመልቀቂያ ደብዳቤውን አታስገቢው። ቴሌግራም ላይም ምንም አትጻፊ። ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ጥያቄሽ ራሱ መስተካከል አለበት። መቻል፣ መጋፈጥ፣ መልቀቅ ብለሽ ሦስት ምርጫ አስቀምጠሻል። አንዱን ግን ዘለሽዋል። በስምንት ወር ውስጥ ለሴትየዋ ለራሳቸው፣ ለብቻቸው፣ በግልጽ አማርኛ «ይህን አያድርጉብኝ» ብለሽ አልነገርሻቸውም። ለአለቃሽ ነግረሻል። ለጓደኞችሽ ነግረሻል። ለፈጣሪሽም ነግረሻል። ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህን የምልሽ ጥፋቱን ወደ አንቺ ለማዞር አይደለም። ጥፋቱ የእሳቸው ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ አይቶ እንዳላየ የሆነው አለቃሽ። ነገር ግን እስካሁን ያደረግሽው ሁሉ ቅሬታሽን አላደረሰላቸውም። ኬኩማ ተቃራኒውን ነው ያደረሰው። አንድ ሰው ሲያዋርድሽ ስጦታ ይዘሽ ከሄድሽ ማዋረዱ እንደሠራ ይቆጥረዋል። ደግነት መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጊዜው አልነበረም። መጀመሪያ የማትቀበዪው ነገር ይነገራል፤ ቡናውም ኬኩም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ «ምቀኝነት» እንምጣ። ይህ ቃል በየቢሮው የሁሉም ነገር ማብራሪያ ሆኗል። ችግሩ መፍትሔ አለማሳየቱ ነው። ምቀኛ ናቸው ካልሽ የሚቀርሽ መጸለይና መሸሽ ብቻ ነው። እስቲ የጻፍሽውን በእሳቸው ቦታ ሆነሽ ደግመሽ አንብቢው። ፒችትሪ ላይ 14 ዓመት ሠርተዋል። ሂሳብ አልገጥም ሲል ሰው የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። አንድ ቀን ሲስተሙ ተቀየረ። ከቅርንጫፍ አንዲት ወጣት መጣች። ለዓመታት የያዙት ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ ለእሷ ተሰጠ። ማንም አስቀምጦ «ይህን ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከእንግዲህ የእርስዎ ሥራ ይህ ነው» ያላቸው አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ለውጥ በየድርጅቱ እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁና። ደብዳቤ ይወጣል፣ ፓስወርድ ይቀየራል፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊድን ሠራተኛን ለይቶ የማጥቃትን ነገር ያጠናው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሃይንዝ ሌይማን አንድ ነገር አስተውሏል። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ካልተፈታ የሥራ ግጭት ነው። ግጭቱን መፍታት የነበረበት ኃላፊ ዝም ይላል። ግጭቱ ከሥራው ላይ ተነሥቶ ሰው ላይ ያርፋል። ከዚያ በኋላ መነሻው ይረሳል፤ የሚቀረው «እሷን አልወዳትም» ብቻ ይሆናል። ያንቺ ታሪክ ከዚህ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ሌይማን መለኪያም አስቀምጧል። ድርጊቱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ከተደጋገመ ተራ አለመግባባት አይደለም ይላል። አንቺ ስምንት ወርሽ ነው፤ በጻፍሽው መሠረትም በየሳምንቱ ነው። ስለዚህ «አጋነንኩት ይሆን?» ብለሽ ራስሽን አትጠራጠሪ። ይህ ልክ ግን ለጥናት የወጣ ነው እንጂ ስድስት ወር እስኪሞላ ጠብቂ ማለት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ወር አንድ አጭር ንግግር የሚፈታውን ነገር በስምንተኛው ወር መፍታት ብዙ ድካም ይጠይቃል።

ምክንያቱን ማወቅ ድርጊቱን ይቅር ማለት አይደለም። ጥቅሙ ሌላ ነው። ቦታዬን አጣሁ ብሎ የፈራ ሰው ክብሩ ተጠብቆ በግልጽ ሲነገረው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሰው ማዋረድ የሚያስደስተው ሰው ግን የሚያቆመው ነገሩ ራሱን መጉዳት ሲጀምር ነው። እሳቸው ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አሁን አናውቅም። የመጀመሪያው ንግግር ይነግርሻል።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ለይተሽ ያዢ። ጸባያቸው ያንቺ ጉዳይ አይደለም። አትቀይሪውም፤ መቀየርም የለብሽም። ያንቺ ጉዳይ ድርጊቱ ነው። ለአለቃሽ «ነገረኛ ናቸው፣ አስቸገሩኝ» ስትዪው ስለ ጸባይ ነገርሽው። እሱም ስለ ጸባይ መለሰልሽ፤ «ጸባያቸው ነው፣ ቻያቸው»። የጠየቅሽው ነገር ራሱ ለዚያ መልስ በር ከፈተ። «የየካቲት ስቴትመንት መጋቢት 2 ቀን ገባ፣ ለእኔ የደረሰኝ መጋቢት 13 ነው» ብትዪው ኖሮ ግን «ቻያቸው» ማለት አይችልም ነበር። ቀን ላይ ክርክር የለም። በጸባይ ላይ ከተከራከርሽ የ14 ዓመት ምስክር ያላቸው እሳቸው ናቸው። አንቺ የስምንት ወር እንግዳ ነሽ።

ከጻፍሽልኝ ውስጥ በጣም የሚከብደው አሽሙሩ እንደሆነ ይሰማኛል። ስድብ ቢሆን ይቀላል። «አንዳንዱ ኮምፒውተር ስለነካ አዋቂ ይመስለዋል» ሲባል ግን ስምሽ የለበትም። ብትቆጪ «ምን ነካሽ፣ አንቺን መቼ አልኩ?» ይላሉ። ዝም ብትዪ ሁሉም ለማን እንደተባለ ያውቃል። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቁን እያደነቅን ያደግን ነን። ነገርን ሸፍኖ የሚናገር ሰው ብልህ ይባላል፤ ገልጦ የጠየቀ ቁጡ ይባላል። አሽሙር በየቢሮው የበረታው ለዚህ ይመስለኛል።

አሽሙርን በአሽሙር አትመልሺ። በዚያ ጨዋታ እሳቸው ይበልጡሻል፤ ብታሸንፊም ነገረኛ ተብለሽ ነው የምትወጪው። የሚሠራው ሽፋኑን በእርጋታ መግለጥ ነው። ወደ እሳቸው ዞር በዪና ድምፅሽን ሳትቀይሪ «አልገባኝም፣ ለእኔ ነው ያሉት?» በዪ። ከዚያ ጠብቂ። ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። «አይ፣ ላንቺ አይደለም» ካሉ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለሽ ሥራሽን ቀጥዪ። «አዎ» ካሉ ደግሞ «ስህተት ካለብኝ ከስብሰባው በኋላ ያሳዩኝ፣ አስተካክላለሁ» በዪ። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አትጨምሪ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ሦስት አራት ጊዜ ይፈልጋል። በየጊዜው መገለጥ የሚወድ አሽሟጣጭ ግን ብዙም የለም።

ዋናው ንግግር ለብቻ የሚሆነው ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈራሽን አውቃለሁ። አለቃሽን «አንተ» ትዪዋለሽ፣ እሳቸውን «እርስዎ»። በዕድሜ እናትሽን ይሆናሉ። «እርስዎ» የሚባል ሰው አይወቀስም ብለን ነው ያደግነው። ለአለቃሽ መናገር የቀለለሽም በዚህ ይመስለኛል። ግን አክብሮትና ግልጽነት አይጣሉም። «እርስዎ» ማለትሽን አታቋርጪ፤ እሳቸው «አንቺ ልጅ» ቢሉሽም። አክብረሽ የተናገርሽውን ነገር «ባለጌ ናት» ብሎ ማጣጣል አይቻልም።

ሰው በሌለበት፣ ቁጣ በሌለበት ቀን አምስት ደቂቃ ጠይቂያቸው። የወር መዝጊያ ሳምንት አይሁን። ጠዋት እንደገቡም አይሁን፤ ከምሳ በኋላ ይሻላል። እንዲህ በያቸው፦ «ማክሰኞ በስብሰባው ላይ ‹ይቺ ልጅ ደግሞ ጀመረች› ብለውኛል። ባለፈው ሳምንትም እንደዚሁ። ስህተት ሲያዩብኝ ጠርተው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ከእርስዎ የምማረው ብዙ አለ። በሰው ፊት ግን እንዲህ አይበሉኝ።» ከዚያ ዝም በዪ። ዝምታው ይከብዳል፤ ልትሞዪው ትቸኩያለሽ። «ማለቴ፣ ክፉ አስበው ነው ለማለት አይደለም፣ እኔም ጥፋት ይኖርብኛል» ብለሽ የተናገርሽውን መልሰሽ አታፍርሺው። ይሉኝታ ብዙ ጥሩ ንግግር ያበላሸው በዚህች ሰከንድ ነው።

ስለ ቂም አታንሺ። ምሳውን አታንሺ። ስቴትመንቱንም አታንሺ፤ እሱ በጽሑፍ ይመጣል። አንድ ንግግር፣ አንድ ጉዳይ። «ቀልድ እኮ ነው፣ ቀልድ አታውቂም?» ቢሉሽ «ቀልድም ቢሆን ይጎዳኛል፣ ይተዉልኝ» በቂ ነው። ቢቆጡ «ልነግርዎት የፈለግኩት ይኸው ነው» ብለሽ ተነሺ። ቢያለቅሱ ወይም «ቦታዬን ወሰድሽብኝ» ቢሉ ግን አትነሺ። ተቀምጠሽ ስሚያቸው። ያኔ እውነተኛው ነገር ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ አሮጌውን የፒችትሪ መዝገብ ከአዲሱ ጋር ማመሳከሩ ላይ እንዲያግዙሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ያ ሥራ በእርግጥ የእሳቸውን እውቀት ይፈልጋል። ለማባበል ሳይሆን እውነት ስለሆነ።

ከንግግሩ በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላል። ይህን አስቀድመሽ ካላወቅሽ «ይኸው፣ ባልናገር ይሻል ነበር» ትያለሽ። አይሻልም ነበር። ዝም የምትይ ሰው መናገር ስትጀምር ሌላው ሰው መጀመሪያ ይፈትንሻል። በዚያ ጊዜ ልክ እንደ በፊቱ ሆነሽ መቀጠል ነው፤ ሰላምታ ሳይጎድል፣ ሰላምታ ሳይበዛ።

ስቴትመንቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይህ ክብርሽን ብቻ የሚነካ አይደለም፤ እንጀራሽን የሚነካ ነው። ማስታረቂያው ዘግይቶ የወር ሪፖርት ቢበላሽ ወይም የቫት ማሳወቂያው ቀን ቢያልፍና ቅጣት ቢመጣ ፋይሉ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በቃል አትጠይቂ። በኢሜይል ጠይቂ፤ አጭርና ደረቅ ይሁን። «የየካቲት የባንክ ስቴትመንት እስከ ማክሰኞ 9 ሰዓት እንዲደርሰኝ እጠይቃለሁ። ማስታረቂያውን ሐሙስ ለማስረከብ ያስፈልገኛል።» በቃ። የመጀመሪያውን ለእሳቸው ብቻ ላኪ። ገና ከመነሻው አለቃሽን ግልባጭ ካደረግሽ ክስ ይመስላል። ማክሰኞ ካልመጣ ያንኑ ኢሜይል አለቃሽን ጨምረሽ ድገሚው፤ «ስቴትመንቱ ስላልደረሰኝ የማስረከቢያው ቀን ወደ ሰኞ ይሸጋገራል» የሚል አንድ መስመር ብቻ አክይበት። ለምን እንዳልደረሰ አትተንትኚ። አንባቢው ይገባዋል።

ከዚያ የተሻለው ግን ስቴትመንቱ በእሳቸው እጅ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ሥራው ወደ አንቺ ተዛውሮ ሰነዱ ለምን እሳቸው ጋ ይገባል? ይህ የጸባይ ችግር ሳይሆን የአሠራር ቀዳዳ ነው። አለቃሽ ለባንኩ አንድ ደብዳቤ ጽፎ ስቴትመንቱ ለአንቺ እንዲላክ ወይም በኢንተርኔት ባንኪንግ ማየት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ እንዲሰጥሽ ማድረግ ይችላል። የብዙ ቢሮ ጠብ እንዲህ ሲመረመር ግማሹ የወረቀት መንገድ ሆኖ ይገኛል። መንገዱ ሲቀየር ማቆያው ይጠፋል።

ለአለቃሽ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄጂ ይህን ይዘሽ ሂጂ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ድርጊት፣ የዘገየው ሥራ፣ የምትፈልጊው ነገር። «ያስለቅሱኛል» ብለሽ አትጀምሪ፤ እውነት ቢሆንም። የሂሳብ ክፍል ኃላፊ በሪፖርት መዘግየት ይጠየቃል፣ በሠራተኛው እንባ ግን አይጠየቅም። ማዘን ያለበት ቢሆንም የሚያነቃንቀው የመጀመሪያው ነው። ስትጨርሺም «እስከ መቼ ልጠብቅ?» ብለሽ ቀን አስወስኚው።

ማስታወሻ ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለው ቃል እንደተባለ፣ ማን እንደነበረ፣ በሥራው ላይ ያስከተለው ነገር። ስሜትሽን እዚያ አትጻፊ። ደብተሩ የራስሽ ይሁን፤ ቤትሽ ይቀመጥ። እዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የድርጅቱን ሰነድ፣ ቫውቸርም ይሁን ስቴትመንት፣ «ለማስረጃ» ብለሽ ወደ ቤት አትውሰጂ፣ ወደ ግል ኢሜይልሽም አትላኪ። በሂሳብ ሙያ ያለ ሰው ይህን ሲያደርግ ተበዳዩ በአንድ ቀን ጥፋተኛ ይሆናል። ሰውን በድብቅ በስልክ መቅዳትም ተዪ። መቅዳትሽ የታወቀ ቀን ወሬው ሁሉ ስለ ቀረጻው ይሆናል፤ የተባለውን የሚያስታውስ አይኖርም። ቴሌግራም ላይ አትጻፊ ያልኩሽም በዚሁ ነው። ስምንት ወር የቻልሽው ይረሳና በስክሪንሾት የሚዞረው ያቺ የአንድ ማታ ጽሑፍሽ ትሆናለች።

ብዙ ሰው የሰው ሀብት ክፍል የሠራተኛ ጠበቃ ይመስለዋል። አይደለም። የድርጅቱ አንድ ክፍል ነው፤ የሚጠብቀውም በመጀመሪያ ድርጅቱን ነው። ይህን የምለው ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ወንበር ተቀምጬ ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንድ ወጣት ስለ አንድ አንጋፋ ባልደረባው ሊያመለክት መጣ። ልክ እንደ አለቃሽ «ጸባያቸው ነው፣ ቻላቸው» አልኩት። ጨዋ ልጅ ነበርና እሺ ብሎ ወጣ። ከአራት ወር በኋላ ለቀቀ። ያ ሰውዬ ቀጥሎ ወደ ሌላ ልጅ ዞሩ። ያን ቀን ጉዳዩን ጽፌ ብይዘው ኖሮ የሁለቱም መንገድ ሌላ ይሆን ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ ወደ ሰው ሀብት ስትሄጂ በቃል ብቻ አትሂጂ። የተፈረመበት፣ ቀን ያለው፣ በመዝገብ ቤት ገቢ የሆነ ማመልከቻ ይዘሽ ሂጂ፤ ቅጂውን አስቀሪ። በወረቀት የገባ ጉዳይ መልስ ይጠይቃል። በቃል የተነገረ ግን ተሰምቶ ይቀራል።

ስለ ምሳው። ይህን ቀላል አድርጌ አላልፈውም። በእኛ አገር ምሳ ዕቃ ከፍቶ ለብቻ መብላት የረሃብ ጉዳይ አይደለም። ሌሎች አንድ ላይ እየተጎራረሱ ሲበሉ ጥግ ላይ ለብቻ መቀመጥ ምን እንደሚሰማ የቀመሰው ያውቀዋል። ሌይማንም ሰውን ከሌሎች መነጠልን ከዋና ዋናዎቹ የጥቃት መንገዶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ነገር ግን የሸሹሽ ልጆች ሁሉ ጠልተውሽ አይመስለኝም። አብዛኞቹ ፈርተው ነው፤ ቀጥሎ ተራው የእነሱ እንዳይሆን። ሁሉንም መልሰሽ ለማምጣት አትድከሚ። አንዷን ብቻ ምረጪ፤ በፊት የምትቀርብሽን። ስለ ሴትየዋ ምንም ሳታነሺ ቡና ጠጪ በያት። ቡድን አትሥሪ፤ «ከእኔ ጋር ነሽ ወይስ ከእሳቸው?» አትበያት። ከሌላ ክፍል ካሉ ሰዎች ጋርም ምሳ ብዪ፤ ከግዢ፣ ከስቶር፣ ከሽያጭ። ዓለምሽ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ሲሆን ነው አንድ ሰው ሊዘጋብሽ የሚችለው።

ሕጉ ላይ ጥቂት ልበል፤ ብዙ የተሳሳተ ነገር ስለሚወራ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆኚ ሌላ አዋጅ፣ ሌላ የቅሬታ መንገድ ነበር። «ከተበደልሽ ያለ ማስጠንቀቂያ ጥለሽ መውጣት ትችያለሽ» የሚሉ አሉ። አዋጁ በአንቀጽ 32 ይህን የሚፈቅደው በዋናነት አሠሪው ራሱ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል የሚያስቀጣ ነገር ሲፈጽምበት ነው። የባልደረባ አሽሙር በቀጥታ እዚያ አይገባም። በዚያ ምክንያት ለመውጣትም ጊዜው አጭር ነው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ካቆመ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተጠቀሙበት መብቱ ይቀራል። በተራ መንገድ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። ሳትሰጪ ከወጣሽ እስከ 30 ቀን ደመወዝ የሚደርስ ካሣ ልትጠየቂ ትችያለሽ። በሌላ በኩል ቅሬታ አቀረብሽ ተብሎ ልትሰናበቺ አትችዪም፤ አንቀጽ 26 ይህን ሕጋዊ ምክንያት አይደለም ይላል። ስትለቂም የሥራ ዓይነትሽን፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አለሽ። ስለ ራስሽ ጉዳይ ደብዳቤ ከማስገባትሽ በፊት ግን ሁሉንም ወረቀት ለአንድ የሥራ ክርክር ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዪ።

ይህ ሁሉ ምክር የማይሠራበት ቦታም አለ። ነገሩ ወሲባዊ ትንኮሳ ከሆነ «ለብቻ አነጋግሪ» ያልኩት አይሠራም። በቀጥታና በጽሑፍ ማመልከት ነው፤ አዋጁም በግልጽ ከልክሎታል። እጅ ከተነሣ፣ ማስፈራሪያ ካለ ወይም በብሔርና በሃይማኖት ስድብ ከመጣ እንደዚሁ። አጥቂው አለቃው ራሱ ሲሆንም መንገዱ ይለያል፤ ያኔ ከእሱ በላይ ያለ ሰው ያስፈልጋል፣ ከሌለ ደግሞ ሌላ ሥራ መፈለጉ ቶሎ መጀመር አለበት። አንድ ነገር ደግሞ ስላንቺ ልጠይቅ። እሑድ ማታ ሆድሽን ይቆርጥሻል? እንቅልፍሽ ከተበላሸ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ቢሮው በር ላይ ስትደርሺ ልብሽ የሚመታ ከሆነና ይህ ሳምንታት ካለፈው ሐኪም ጋ ሂጂ። ድክመት አይደለም። ስምንት ወር ተጠንቅቆ መኖር ሰውነትን ይጨርሳል።

እንግዲህ የምልሽ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። ከነገ ጀምሮ የሥራ ጥያቄ ሁሉ በኢሜይል ይሁን። በሦስተኛው ሳምንት ቀኖቹን ይዘሽ ወደ አለቃሽ ሂጂ፤ የስቴትመንቱን መንገድ እንዲቀይር ጠይቂ። ምንም ካልተደረገ በአምስተኛው ሳምንት ማመልከቻ ለሰው ሀብት አስገቢ። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ቁጭ ብለሽ ወስኚ። ሴትየዋ ወዳጅሽ ሆኑ ወይ ብለሽ አትመዝኚ፤ ላይሆኑ ይችላሉ። መመዘኛው ሁለት ነገር ነው። ስቴትመንቱ በጊዜ ይደርሰኛል ወይ? በስብሰባ ላይ ሳልዋረድ እናገራለሁ ወይ? ሁለቱም «አዎ» ከሆኑ ቆዪ። እሳቸው ቢያኮርፉም ቆዪ።

ሁለቱም «አይ» ከሆኑ ለቀሽ ውጪ። ያኔ የምትወጪው ተሸንፈሽ አይደለም፤ ያ ቢሮ የቀረበለትን ማስረጃ አይቶ ምንም እንደማያደርግ አረጋግጠሽ ነው። ግን ሥራ ይዘሽ ሥራ ፈልጊ። እነዚህ ስድስት ሳምንታት ሲቪሽን ለማስተካከልና ሁለት ሦስት ቦታ ለማመልከት ይበቃሉ፤ ከዛሬ ማታ ጀምሪ። የድርጅታችሁ በጀት ዓመት ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ በመዝጊያው መሃል አትውጪ። ርክክቡ ይበላሻል፣ ክሊራንሱ ይጓተታል፣ የጎደለው ሁሉ በሄደው ሰው ላይ ይጻፋል። የጻፍሽውን የመልቀቂያ ደብዳቤ እስከዚያ አስቀምጪው። ስታወጪውም የሴትየዋን ጉዳይ ከውስጡ አውጪና ቀኑን፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውንና ፊርማሽን ብቻ አስቀሪበት።